ሠላሳ አንድ አስተያየት በአሥራ ሁለት መስመር ኮድ ላይ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ይቀፈኛል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ሰው ፊት ቀና ብዬ የቆምኩትም ያኔ ስለሆነ ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልኩም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው ቃሊቲ ነው። ጃቫ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የተማርኩት በሰፈራችን ወጣት ማዕከል ነው። ወጣቶች ተሰባስበው በነፃ የሚሠሩት አንድ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ አለ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ የሚያሻሽለውን ይልካል። የትንሿን እህቴን የሶልያናን ልደት ሳስገባበት "የተሳሳተ ቀን" አለኝ። ሶልያና የተወለደችው ጳጉሜን 6 ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ጳጉሜንን ሁልጊዜ አምስት ቀን ብቻ አድርጎ ይቆጥራል። በአራት ዓመት አንዴ የምታገኘውን ልደት ጭራሽ ነጠቃት!

ሦስት ቀን ታግዬ አስተካከልኩት። አሥራ ሁለት መስመር ናት። መሥራቷን የሚያረጋግጥ ሙከራም በእህቴ ስምና ልደት ጨምሬ ላክሁ። ገምጋሚ አይቶ ካጸደቀው የሠራው ሰው ስም አብሮ ይወጣል። እኔም የጓጓሁት ለዚህ ነበር። ስሜ እዚያ እንዲታይ።

ገምጋሚው ሠላሳ አንድ አስተያየት ጻፈልኝ። አንዱም ስለ ጳጉሜን አይደለም፤ ስለ ባዶ ክፍተትና ስለ ቅንፍ ነው። "እዚህ ስፔስ በዛ።" "እዚያ ስፔስ አነሰ።" "ቅንፉን ወደ ታች አውርጂ።" አወረድኩ። በማግስቱ "ማን አውርጂ አለሽ? መልሺው" አለኝ። መለስኩ። በአራተኛው ዙር ላይ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ "እናት፣ ይሄ ኮድ ነው ወይስ ሽሮ ወጥ?" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሁለት ሰዎች የሳቅ ምልክት አስቀመጡ። ከዚያ ሥራዬን ውድቅ አድርጎ ዘጋው።

እማዬ ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ የጥራት ፍተሻ ላይ ነው የምትሠራው። ከሰርቪስ ወርዳ እንደገባች አሳየኋት። ኮዱ አይገባትም፤ አስተያየቶቹን ግን አንድ በአንድ አነበበቻቸው።

"እኔ በቀን ስንት ሸሚዝ እመልሳለሁ መሰለሽ" አለችኝ። "የተበላሸው ስፌት ላይ ቀይ ስቲከር እለጥፋለሁ። የሰፋችው ልጅ ግንባር ላይ ለጥፌ ግን አላውቅም። ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ስፌቱን አይቶታል?"

ለካ በደንብ አይቶታል! ከሁለት ቀን በኋላ የጳጉሜን ስህተት መስተካከሉ ተነገረ። የሠራው ሰው ተብሎ የወጣው ስም የገምጋሚው የራሱ ነው። ከፍቼ ሳየው ስፔሱ የኔው፣ ቅንፉም የኔው። አንድ ፊደል እንኳ አልነካም። የሙከራው ቦታ ላይ "ሶልያና፣ ጳጉሜን 6" ይላል።

እሱ የሰደበኝ ቦታ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ወንድሜ፣ ሶልያና ያንተም እህት ናት እንዴ? እኛ ቤት ይህን አልሰማንም። ሽሮ ወጥ ያልከውንስ ለምን ጨልፈህ ወሰድክ?"

አንድ ሰዓት አልሞላም። ከፕሮጀክቱ ኃላፊዎች አንዷ፣ ጭራሽ የማላውቃት ሴት፣ ሁለቱን ኮዶች ጎን ለጎን አስቀምጣ አሳየች። የሱን አውጥታ የኔን በስሜ አስገባች። "ይቅርታ እህቴ፣ ቀድመን ማየት ነበረብን" ብላ ጻፈችልኝ። በደስታ ስጮህ እማዬ የሆነ ነገር የነከሰኝ መስሏት ሮጣ መጣች።

እሱ ይቅርታ አልጠየቀም። በማግስቱ በግል እንዲህ ብሎ ላከልኝ፦ "እናት፣ ዋናው የፕሮጀክቱ ማደግ ነው። አብረን ሠራነው እኮ።"

ስሜን አሁንም እየገባሁ አየዋለሁ። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ያቺ "አብረን" የምትለው ቃል ትዝ ስትለኝ ግን የጎረስኩት ምግብ ውስጥ ፀጉር ያገኘሁ ያህል ይዘገንነኛል። እስካሁን አልመለስኩለትም። የምመልስለትም አይመስለኝም።