ድልድዩ አርባ አንድ

የያዙኝ አራዳ፣ ጨርቅ ተራው መግቢያ ላይ ነው። ከተማው ውስጥ ፍተሻ የበዛበት ሰሞን ነበር። ቦርሳዬን የከፈተው ፖሊስ መነጽሬንና መቁጠሪያዬን መለሰልኝ። ደብተሩን ግን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ያዘው።

«እናቴ፣ ለአንድ ጥያቄ ነው» አለኝ።

ጥያቄው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።

ክፍሉ ቁመቱ ስድስት ርምጃ፣ ወርዱ ሦስት ነበር። ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ መስኮቱ ከራስ በላይ። ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ አገኘሁ። ከሳንጃ የመጣሁ የሰሊጥ ነጋዴ ነኝ አለችኝ። ፍራሿን አጋራችኝ።

«ምነው እትዬ፣ ልጅሽ ምን ብትነግርሽ ነው የያዙሽ?»

ልጅ እንዳለችኝ አልነገርኋትም። አመሰገንኋትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

የደብተሩ ነገር እንዲህ ነው። ልጄ ቡዳፔስት በምትባል ትልቅ ከተማ ትማራለች። ስትደውል የምትወዳቸውን ቦታዎች፣ ከትምህርት ወጥታ በእግሯ የምትሄድበትን መንገድ ታወራልኛለች። ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥታ የብረት ድልድዩን ትሻገራለች፤ ከዚያ ኮረብታው ላይ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ከላይ ደግሞ ወንዙን ቁልቁል የምታይበት አግዳሚ ወንበር። እኔ አገሩን አላውቀው። ብቻዋን እንዳትሄድብኝ እያንዳንዱን ቦታ ለአንድ ታቦት አደራ ሰጠሁ፤ የማደርሰውን የጸሎት ቁጥርም ከጎኑ ጻፍሁ። እሷ በምትሄድበት ሰዓት እኔም ቤቴ ቆሜ በጸሎት እከተላታለሁ።

መርማሪው ደብተሩን ከፍቶ አነበበልኝ።

«ድልድዩ፣ ገብርኤል፣ አርባ አንድ። ደረጃው፣ ሚካኤል፣ አሥራ ሁለት። ወንበሩ፣ ማርያም፣ ስድሳ አራት። አሥር ሰዓት ተኩል።» ቀና አለ። «ድልድይ እዚህ ቀሐ ወንዝ ላይም አለ።»

«ይሄ የልጄ ከተማ ድልድይ ነው።»

«አርባ አንዱስ ምንድን ነው? ሰው ነው?»

«እግዚኦታ ነው፣ ልጄ።»

«እኔም እጾማለሁ፣ እናቴ። ሰው በታቦት ስም ስንት ነገር እንደሚሸፍን ግን አይቻለሁ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያስፈራኝም እሱ ነው።

በሰባተኛው ቀን የተተየበ ወረቀት አመጣ። ልጄ ከውጭ የምትልክልኝን ቦታና ቁጥር ተቀብዬ ለሌሎች አቀብያለሁ ይላል። ስሟ ከነአያቷ ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

«ፈርሚና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

«ልጄስ?»

«እሷ እዚያው ናት። ማን ይነካታል?»

ክረምት ልትጠይቀኝ ልትመጣ ነበር። ወረቀቱን ዳግመኛ አነበብሁት።

«ደብተሩ የእጄ ጽሕፈት ነው፤ እሱ ላይ ልፈርም። ይህን ግን አላውቀውም» አልሁት። የእስክርቢቶውን ክዳን ገጥሜ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥሁለት።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሴትዮዋ ተነሥታ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አሥር ተኩል ሳይሆን አይቀርም። ሰዓትሽ ነው።»

ሰዓቱን ማን ነገራት? በየቀኑ ስቆም አይታኝ ይሆናል። ላይሆንም ይችላል።

«መንገዱን እኔም ልስማው እስቲ» አለች።

ጆሮ ጠቢም ከሆነች ትስማው፤ ወስዳም ትንገር፣ ጸሎት ነው ብዬ ድምፄን አውጥቼ ጀመርሁ። ስድስቱን ርምጃ እየተመላለስሁ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጣን፤ ድልድዩን አርባ አንድ እግዚኦ እያልን ተሻገርን። እሷ በጣቷ ትቆጥርልኛለች።

«ደረጃው ይበዛል?»

«ይበዛል።»

«እንግዲያ እኔን ጉልበቴን ያመኛል፤ ከታች ልጠብቅሽ።»

ያን ቦታ ከገባሁ የሳቅሁት ያኔ ነው። አልጠበቀችም፤ አብራኝ ወጣች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ምንም ሳይሉ ለቀቁኝ። ሴትዮዋ እዚያው ቀረች። ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ፍራሿን ግን አልረሳም፤ በጸሎቴ አስባታለሁ።

ልጄ ክረምት መጣች፤ በሰላም ገብታ በሰላም ሄደች። ተመስገን። የሆነውን አልነገርኋትም። አሁንም የማላውቀው ሰው «ልጅሽ ደኅና ናት?» ሲለኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ፊቱን አየዋለሁ።

ደብተሩን አልመለሱልኝም። ሌላም አልገዛሁም። በቀደም ደውላ፣ «እማዬ፣ አዲስ መንገድ አግኝቻለሁ፤ እርሳስ ያዢ» አለችኝ።

«ንገሪኝ፣ ልጄ» አልኋት፣ ባዶ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። «እየያዝሁ ነው።»