የሦስት ቁጥር ዕረፍት

በስንብቱ ዕለት የሰጡት ስጦታ ታጣፊ ወንበር ነበር። ሸራው አረንጓዴ፣ እግሩ ቀላል ብረት፣ እጀታው ላይ ኩባያ ማስቀመጫ ያለው፣ ሰው ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ወፍ የሚቆጥርበት ዓይነት። ሥራ አስኪያጁ በሁለት እጁ አቀበለውና በተሰበሰበው ሠራተኛ ፊት፣ «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ደክመዋል። እንግዲህ ይረፉ» አለው። ሠራተኛው አጨበጨበ። ሦስት ቁጥርም ወንበሩን ታቅፎ ፈገግ አለ። ሆዱ ውስጥ የነደደውን እሳት ግን የውሃ መሥሪያ ቤቱ ውሃ ሁሉ ቢገለበጥበት አያጠፋውም ነበር።

ሦስት ቁጥር ያሉት በመስኮቱ ነው። በውሃ መሥሪያ ቤቱ የደንበኞች አዳራሽ፣ ከሦስተኛው መስኮት ጀርባ ፀጉሩ እስኪሸብት ተቀምጧል። ቆጣሪዬ ቆመ፣ ቧንቧዬ ፈነዳ፣ ስሜ ተሳሳተ የሚል ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ነበር። ለጡረታ ገና ዓመታት ሲቀሩት «በፈቃደኝነት የሚደረግ ቅድመ ጡረታ» የሚባል ነገር መጣ። ፈቃደኝነቱ የማን እንደሆነ እሱን የጠየቀው የለም። ደብዳቤው ላይ የፈረመው ሥራ አስኪያጁ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው።

አንጀቱን ያሳረረው ይኸው ነበር። የሰውዬው የቤት ስሙ ማሙሽ ነው። ተማሪ ሳለ ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ ሳሎን ውስጥ አልጋ የዘረጋለት፣ ከረባት ማሰር ያስተማረው፣ «የኔው ልጅ ነው፣ እባካችሁ» እያለ አለቆች ደጅ ቆሞ ያስቀጠረው ሦስት ቁጥር ነበር። ማሙሽ ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ፎቅ ወጣ። ከፎቅ ሆኖ ሰው ቀንስ ሲባል ደግሞ መጀመሪያ የቀነሰው የማይከሰውን ሰው ነው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው!

ሦስት ቁጥር ቤት ዋለ። መዋሉ ለማንም አልበጀም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ መስኮት ሥር ነው፣ ደንበኞቿም ሲመጡ ሶፋው ላይ ተደርድረው ያወራሉ። እሱ ወሬውን እንደ ረብሻ ቆጠረው። ካርቶን ቆርጦ ቁጥር ጻፈበትና በር ላይ ማደል ጀመረ። አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ለማስተከል ብቅ ያለችውን ጎረቤት የሙሽራ ልብስ ከሚያስለኩ ሰዎች ኋላ አስቀምጦ፣ «ተራሽን ጠብቂ» አላት። ጎረቤቲቱ ቁልፏን ይዛ ሄደች፤ አልተመለሰችም።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ቤት ነው ቢሮ?» አለች ሚስቱ፣ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ። «ሌላው ጊዜ አጣሁ እያለ ያለቅሳል፣ አንተ ጊዜ ተርፎህ ሰው ታባርራለህ። ችግኝ ትከል፣ ቋንቋ ተማር፣ ምናምን አድርግ። ብቻ ጊዜህን ተጠቀምበት!»

«እጠቀምበታለሁ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ተላጨ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ታጣፊውን ወንበር በብብቱ ይዞ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ብድግ አለ።

«አለቃ! በሰላም ነው?»

«አለቃ አትበለኝ፣ ደንበኛ ነኝ። ቆጣሪዬ ይጮኻል።»

ደንበኛን ደግሞ ማን ያስወጣል? ወንበሩን የዘረጋው ወደ ፎቅ በሚወስደው ደረጃ ሥር ነው፤ የሚወጣም የሚወርድም ጉልበቱን ሳይታከክ አያልፍም። ማሙሽ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ገባና አየው። ወንበሩንም አየው። «ጋሼ... እንዴት አደሩ?» ብሎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ሦስት ቁጥር አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን ቅሬታ ያለውን ሁሉ፣ «እዚህ ምን ያስቆምሃል? መብትህ ነው፣ ፎቅ ውጣና ሥራ አስኪያጁን አነጋግር፣ በግራ በኩል ያለው በር ነው» እያለ ሲሰድ ዋለ። ከሰዓት ላይ የማሙሽ ደጃፍ ገበያ መሰለ። በነጋታውም ሄደ። በሦስተኛውም ቀን።

ማሙሽ እነ ሦስት ቁጥር ቤት የሚበላውን የእሑድ ምሳ ተወ። ከተማሪነቱ ጀምሮ ቀርቶበት የማያውቅ ምሳ ነበር። ሚስቲቱ የወንድሟን ሳህን ታቀርብና ሳይነካ መልሳ ታነሳዋለች። አንድ እሑድ ሦስት ቁጥር ማዕዱን ባርኮ አሜን ሲል አላስቻላትም።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለች።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አላት።

«ወንድሜ ነው።»

«እኔስ ምንሽ ነኝ?»

ያልተነካውን ሳህን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እንዳዘነች ቢያውቅም አልጠየቃት።

ችግሩ እጁ ሥራ ለምዷል። የተዘበራረቀ ሰልፍ እያየ ዝም ማለት ለእሱ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጠገብ መተኛት ነው። መጀመሪያ አንዲት ጆሮዋ የከበደ እናት ከማይመለከታት መስኮት ፊት ቆማ ስትደክም አይቶ፣ ጆሮዋ ሥር ጮኾ ወደሚመለከታት ወሰዳት። ቀጥሎ አንዱን «የመታወቂያህ ኮፒ የለም፣ ተራህ ሳይደርስ ሮጥ ብለህ አምጣ» አለው። ከዚያ አንዷን ከአዲስ መስመር ሰልፍ አውጥቶ ወደ ጥገና ላካት። ሳይታወቀው ሰው ከበሩ እንደገባ በቀጥታ ወደ አረንጓዴው ወንበር መምጣት ጀመረ። ፎቅ የሚወጣው ቀነሰ፣ ጩኸቱም ጠፋ። ሊያምስ የሄደበትን ቤት ቀጥ አድርጎ ይዞት ቁጭ አለ።

ይህን የነገረው ማሙሽ ራሱ ነው። አንድ ቀን ከደረጃው ቀስ ብሎ ወረደና፣ እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። ፊቱ ያበራል።

«ጋሼ፣ ምሥራች! ከዋናው መሥሪያ ቤት ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። ከቅርንጫፎቹ ሁሉ የኛ አዳራሽ ምሳሌ ተብሏል። እኔንም... ገና ነው እንጂ፣ ወደ ላይ ሊያሳድጉኝ አስበዋል።»

«ምን አግኝተው?»

«ጡረተኞችን በበጎ ፈቃድ የማሳተፍ ሐሳቤን ወደውት ነዋ! እርስዎን ማለቴ ነው። ሰደርያ አሠርቼልዎታለሁ፣ የመሥሪያ ቤቱ ምልክት ያለበት። ሐሙስ እሱን ለብሰው እዚቹ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡልኛል።»

ሐሳቤ አለ! ሦስት ቁጥር ደሙ ፈላ። በወር ደመወዝ ከሚሠራበት ቦታ ያባረረው ሰው፣ ያንኑ ሥራ በነፃ አሠርቶት ሊሾምበት ነው። በቀል ብሎ የተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ለማሙሽ መሰላል ሆኗል። ሰደርያውን ተቀብሎ፣ ወንበሩን አጥፎ ወጣ።

ማታ ሳሎኑ ውስጥ እየተንጎራደደ ንግግሩን ይለማመድ ጀመር። እንግዶቹ ሲገቡ ይነሳል፣ ስለ ሻንጣው ይናገራል፣ ስለ ሳሎኑ አልጋ፣ ስለ ከረባቱ፣ ስለ ፈቃደኝነቱ። ሚስቱ እየሰፋች ሰማችው፣ ሰማችውና ሰለቻት።

«ተናገር እስቲ» አለች። «ምስኪን፣ ሥራው ናፍቆት ነው ይሉሃል። ማሙሽም ትከሻህን አቅፎ ፎቶ ይነሳል። ሰውየው ይረፉ አይደል ያለህ? አንድ ቀን እንኳ አርፈህ ታውቃለህ?»

ሦስት ቁጥር ቆመ። ሚስቱም የተናገረችው ያኔ የገባት ይመስል የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ምንም አላልኩም» አለች። እሱ ግን ሰምቷል።

ሐሙስ ጠዋት አልተላጨም። ወንበሩን ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋ። ሰደርያውን አጣጥፎ ከጀርባው እንደ ትራስ አደረገው፤ ኩባያውን ከማስቀመጫው ላይ አኖረና እግሩን ዘረጋ። ወፎቹ እንዳሉ ናቸው። ስልኩ መጮህ የጀመረው ኩባያው ሳይጋመስ ነው።

«አለቃ፣ የት ነዎት?» የጥበቃው ድምፅ ነበር። ከኋላው ጫጫታ ይሰማል። «ሰዉ እርስ በርሱ ተያያዘ! ሰልፉ ተቀላቅሏል! ያቺ የማትሰማው እናት እርስዎን ፍለጋ መሀል ቆማለች፣ ይገፏታል!»

ስለ እሷ ሲሰማ ሊነሳ አለ። እግሩን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ ማሙሽ በሁለት እጁ ሲጨብጠው ታየውና መልሶ ዘረጋው።

«አርፌያለሁ» አለና ዘጋ።

ቀጥሎ የመጣው ስም የማሙሽ ነበር። ሦስት ቁጥር ስልኩን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ ሚስቱን ጠራት። ከእህቱ አፍ ሲሰማው እንዲያመው ፈልጓል። «አንቺ አንሺው» አላት።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተቀበለችው።

«እታለም! ጋሼን አቅርቢልኝ! ሰዎቹ ገብተዋል፣ አዳራሹ ገደል ገብቷል፣ በእናትሽ...»

«ማሙሽ» አለች። «ጋሼህ እያረፈ ነው። ይረፉ ብለኸው የለ?»

ስልኩን መለሰችለትና ገባች። እሱ እንባ እስኪወጣው ሳቀ። የስፌት መኪናው ድምፅ እስከ ማታ አልተሰማም።

ሹመቱ ለሌላ ቅርንጫፍ ሰው ሄደ። ወሬውን ጥበቃው በስልክ ሲነግረው ሦስት ቁጥር ደጋግሞ አስተረከው፤ እንግዶቹ እንዴት ተገፉ፣ ማሙሽ እንዴት አላበው፣ ከረባቱ እንዴት ዞረ። ከተሰናበተ ወዲህ የእሑዱን ምሳ እንደዚያ የናፈቀበት ጊዜ የለም።

እሑድ ወንበሩን ከግቢ አስገብቶ ማዕዱ አጠገብ ዘረጋ። የቀረበው ሳህን አንድ ብቻ ነው።

«አንቺስ?» አላት።

ሚስቱ ነጠላዋን ለብሳ ጨርሳለች፤ በጨርቅ የጠቀለለችውን የምግብ ዕቃ በክንዷ ይዛለች።

«እኔ ከዛሬ ጀምሮ እሑድ እሑድ ወንድሜ ጋ ነው የምበላው» አለች። «አንተ እረፍ።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ሦስት ቁጥር ከአረንጓዴው ወንበር ላይ ሳይነሳ፣ ሳህኑን እንደያዘ፣ እርምጃዋ ከግቢው እስኪወጣ አዳመጠ።