አርባ ደቂቃ

እትዬ ሰዓት ይሏቸዋል፤ አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሏት የደቂቃ መቁጠሪያ ምክንያት። ሃያ ስድስት ዓመት በላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ሠርተዋል። የክፍሉን የዛሬ አለቃ የፈሳሽ መምጠጫዋን የፒፔትን አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ክፍል በታተሙት ጽሑፎች ላይ ስማቸውን ፈልጉ፤ አታገኙትም። ማን አፈረ? ማንም አላፈረም።

ሥራው እንዲህ ነው። በሴል ውስጥ ዲኤንኤ እንደ ክር በፕሮቲን ማጠንጠኛ ላይ ተጠምጥሟል። ሌሎች ፕሮቲኖች መጥተው ክሩ ላይ ያርፋሉ፤ አንዱን ጂን ያበራሉ፣ ሌላውን ያጠፋሉ። የት እንዳረፉ ለማወቅ ፎርማሊን የሚባል ኬሚካል ይጨመርና ሁሉም ባለበት ይጣበቃል። አሥር ደቂቃ ብቻ፤ ከዚያ ማጣበቁን የሚያስቆም ሌላ ፈሳሽ ይገባል። ከቆየ አላፊ አግዳሚውም አብሮ ይጣበቃል፤ ያላረፈው ያረፈ ይመስላል።

የዚያን ዕለት ፎርማሊኑን እንደጨመሩ አለቃው ወደ ቢሮው ጠራቸው። ጡረታቸው ደርሶ ነበር፤ የታመመች እህታቸውን የሚያስታምሙት በደመወዛቸው ስለሆነ ሁለት ዓመት እንዲራዘምላቸው ለምነዋል። እሱም እፈርማለሁ እያለ ተስፋ ሲሰጣቸው መቁጠሪያዋ ጮኸች። አለቃ እያወራ መነሳት ነውር ሆነባቸውና አፏን ዘጓት። አብራቸው የምትሠራው ጀማሪ ተመራማሪ ደግሞ እሳቸው ሳይሉ ናሙናውን አትነካም። ሲመለሱ አርባ ደቂቃ ሆኗል።

ናሙናው ይጣል ቢሉ፣ አለቃው ይቀጥል አለ። ውጤቱ መጣ፤ ፕሮቲኑ አለቃው አምስት ዓመት ሙሉ «እዚህ ነው የሚያርፈው» ሲልለት የኖረው ጂን ላይ ቁጭ ብሏል። ክፍሉ በደስታ ሰከረ። እሳቸው ግን በሥራ ደብተሩ ላይ አርባ ብለው ጽፈው ነበር።

አለቃው ደብተሩንም የማራዘሚያውን ደብዳቤም ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ አሥር ይበሉት። አንዲት ቁጥር እኮ ናት።»

«ልጄ፣ አንተ ስታወራ መቁጠሪያዋን ዝም ያሰኘሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቁጥሩ ግን አርባ ነው።»

ደብዳቤውን ሳይፈርም ይዞት ሄደ። በቀረቻቸው አንድ ሳምንት ሥራውን እንደገና ሠሩት፤ በልክ አሥር ደቂቃ። ጂኑ ላይ ምንም የለም። ያንንም ጽፈው ፈረሙበት፤ አለቃውም ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አይቶ፣ ስለ ግኝቱ ለመጽሔት ያዘጋጀውን ጽሑፍ ሳይልከው ቀረ። ይቅርታ ግን አልጠየቀም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው «ታላቅ ምሁር» እያልን የምንነሳለት።

እትዬ ሰዓት መቁጠሪያዋን ጀማሪዋ አንገት ላይ አጥልቀው ወጡ። አሁን ስትጮህ፣ አለቃው እያወራም ቢሆን፣ ልጅቷ ተነስታ ትሄዳለች።