ኦቦ ቶሎሳ በቅል ያስቀመጧት ባቄላ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የተቀቀለ ባቄላ ቢዘሩት አይበቅልም። ይህን ካልያዛችሁ ትናንት ተጂ ላይ የደረሰብኝ አይገባችሁም።

ኦቦ ቶሎሳ እዚያው ተጂ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው... ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ምርጥ ዘር ሲዘሩ እሳቸው ከአያታቸው የወረሷትን ባቄላ አልተዉም። ከተራው ባቄላ ያነሰች፣ ጠቆር ያለች፣ ዓይኗ ነጭ ናት። ዘሯን አመድ ነስንሰው በቅል ያስቀምጡ ነበር።

እኔ ከማስተማር በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የባቄላን ወግ እጽፋለሁ። ከምኖርበት ከሰበታ እሳቸው ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን በቤታቸው ለምን ከእሷ ብቻ እንደሚሠራ፣ መንገደኛ እሸቷን ማሳ ዳር ቆሞ ቢበላ እንደማይከለከል፣ ይዞ ቢሄድ ግን ነውር እንደሆነ... ሁሉንም ነገሩኝ።

በሄድኩ ቁጥር ቅሉን ያወርዳሉ።

«ዘሩን ይውሰዱ እንጂ መምህር።»

«ታሪኩ ይቅደም ኦቦ። ዘሩን በመጨረሻ፣ ከነሙሉ መረጃው እወስዳለሁ።»

«እርስዎ ጽፈው እስኪጨርሱ ነቀዙ አይጠብቅም» ብለው ይስቁብኛል።

ትናንት ጽፌ ጨርሼ ሄድኩ። ለዘሩ ፖስታ ይዣለሁ፤ የሰጪው ስም፣ ቦታውና ቀኑ አስቀድሞ ተጽፎበታል።

በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። ኦቦ ቶሎሳ ከትናንት በስቲያ አርፈዋል።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ጎረቤታቸው አዴ ጫልቱ ንፍሮ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። አየሁት... ጠቆር ያለች፣ ዓይኗ ነጭ። እሷው ናት።

«አዴ፣ ይህን ባቄላ ከየት አመጣችሁት?»

«ከራሳቸው ቅል። በገዛ ባቄላቸው ይሸኙ ብለን ነው።»

ለቅሶ ቤት ውስጥ ምን ይባላል? ደግሞ ያደረጉት በፍቅር ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጥሬ የቀረ ይኖር ይሆን?» አልኩ።

አዴ ጫልቱ ወደ ድስቱ አመለከቱኝ። «ሁሉንም ቀቀልነው መምህር። ከወደዱት ግን ከንፍሮው ላስቋጥርልዎት።»

እጄ ላይ ያለውን በላሁ። ይጣፍጣል። ሦስት ፍሬ አስቀርቼ ፖስታው ውስጥ ከተትኩ... ምን እንደማደርጋቸው እኔም አላውቅም።

ደብተሬ ሞልቷል። የጎደለው ባቄላው ብቻ ነው።

በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ያላችሁ፣ ይህችን ባቄላ በቅል ያስቀመጠ ዘመድ ካላችሁ ከድስት አርቁልኝ። ሰኔ ገብቷል፤ የሚዘራው አሁን ነው። ታሪኳን በኋላ እንጽፈዋለን፤ ብቻ ዛሬውኑ መልስ ጻፉልኝ።