«ወደ አፈር ይመለሳል» የተባለው ፌስታል

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ስለ ፌስታል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ካለም ፌስታሉ ራሱ ነው። አምቡሊ ያለው የማሸጊያ ፋብሪካ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ግን ፌስታል የሚሠራበትን ስስ የፕላስቲክ ፊልም ጥቅል ገልብጬ ማሽኑ ላይ ሰካሁት፤ የጋለው ብረት ላይ እንደ ማስቲካ ተለጠፈ። በቢላዋ ስፍቅ ዋልኩ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆንኩ። ያኔ ነው ፓትሮናችን፣ የፋብሪካው ባለቤት፣ ከበቆሎና ከካሳቫ ስታርች የተሠራ ፊልም ያስመጣው። ሻጩ በዚያ ሙቀት ክራቫት አስሮ፣ «በአሥራ ሁለት ሳምንት አፈር ይሆናል» አለን። የየት አገር አፈር እንደሆነ አልነገረንም። እንዲህ ያለ ፊልም የሚበሰብሰው እርጥበትና የሚበሉት ተሕዋስያን ሲያገኝ ነው። የአምቡሊ አፈር ደረቅና ጨዋማ ነው፤ እዚያ እንኳን ፌስታል፣ ቲማቲም ብትቀብር ጡረታ እስኪወጣ አይበሰብስም።

ሙከራው ቀላል ነው። ቁራጩን ትመዝናለህ፣ ከአትክልት ትራፊ ጋር ክንድ ሙሉ ጥልቀት ትቀብረዋለህ፣ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት አውጥተህ ትመዝነዋለህ። ከመጋዘኑ ጀርባ ሦስት ቀበርኩ።

ሳወጣቸው ሁለቱ ሙሽራ መስለው ወጡ። ሦስተኛው የለም።

«የለም ማለት በስብሷል ማለት ነው» አለ ፓትሮኑ።

«ሁለቱስ፣ ሙሴ ፓትሮን?»

«እነሱ ሰነፎች ናቸው። ሦስተኛውን ጻፍ።»

«እንዲህ ያለ ሳይንቲስት ፈረንሳይም የላት!» አልኩ በሆዴ። የሙከራውን ሪፖርት ግን እሱ እንዳለው ጽፌ ፈረምኩ።

ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ጫት የምትሸጠው ሐዋ ፌስታሉን ከመግዛቷ በፊት እኔን ጠየቀች። አራት ፍየሎች አሏት፤ መደብሯ ፊት የወደቀውን ሁሉ ይበላሉ።

«አንተ ሐበሻ፣ ፍየሎቼን አይገድልም?»

«በቆሎ ነው እኮ ሐዋ! እንዲያውም ያወፍራቸዋል።»

«ዋላሂ በል።»

«ዋላሂ።»

በሁለተኛው ወር አንዷ ፍየል ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ሐዋ የፍየሏን ሆድ አስቀድዳ ያገኘችውን ድቡልቡል ነገር በሣህን ይዛ ፋብሪካው በር ላይ ቆመች። ፓትሮኑ ከቢሮው አልወጣም። እኔ ወጣሁ።

«አንብበው» አለችኝ።

ዘረጋሁት። የእኛው ፌስታል ነው። የታተመበት አረንጓዴ ቅጠል አልደበዘዘም፤ ከሥሩ «ወደ አፈር ይመለሳል» የሚለው ፈረንሳይኛ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

«ወተቷን ልጆቼ ይጠጡት ነበር» አለችና ሣህኑን እጄ ላይ ትታ ሄደች።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የጠፋ ናሙና የበሰበሰ ናሙና አይደለም።

በፓትሮኑ ስስቅ ኖሬያለሁ። ጉድጓዶቹን ግን ፀሐይ ፈርቼ ክንድ ሳይሆን ስንዝር ብቻ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ጉድጓድ አፉ ተከፍቶ፣ ዙሪያውን የፍየል ኮቴና በጠጥ ነበረበት። አይቼ ነው የፈረምኩት።