«ባዶ ነው» የተባለው ዲስክ

«ሰርቨሩ ላይ ባዶ ዲስክ አግኝተን ለጥበቃ ካሜራው ቀረጻ ሰጠነው!» አሉኝ ኦቦ ለሚ፣ ዛሬ ጠዋት ሰበታ ያለው ክሊኒካችን ስገባ። አስተዳዳሪያችን ናቸው። አዲስ ዲስክ ከመግዛት በመዳናቸው ደስ ብሏቸዋል።

እኔ ክው አልኩ።

የታካሚዎቻችን ዳታቤዝ ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ነው። ሲስተሙን የዘረጋው ሰው እንዲፈጥን ብሎ በፋይል ሳይሆን በቀጥታ ጥሬው ዲስክ ላይ አስቀመጠው። ፋይል ቢሆን ስሙ ይታይ ነበር። ጥሬ ዲስክ ግን ለማያውቀው ባዶ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩም «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ፣ ልጥረገው ወይ እንደማለት፣ ይጠይቃል።

ካሜራ ገጣሚው «አዎ» ብሏል። (መቼም ጨዋ ሰው ነው፣ ሲጠይቁት እምቢ አይልም።)

«ኦቦ፣ ባክአፑስ?»

«ማታ ማታ ፋይሉን ሁሉ እንገለብጥ የለ?»

ፋይሉን ሁሉ። ዳታቤዙ ግን ፋይል አልነበረም።

«አንቺ ደግሞ! ይኸው እየሠራ አይደል?» አሉኝ።

እየሠራ ነው። የሚያሳየን ግን ሜሞሪ ላይ የቀረውን፣ ሰርቨሩ ከጠፋ አብሮ የሚጠፋውን ብቻ ነው። እሱን ወደ ፋይል እየገለበጥኩ ነው የምጽፍላችሁ። መብራት ሲቋረጥ ተክቶ የሚያቆየን ዩፒኤስ ከሞተ ቆይቷል። በፉሪ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ እዚህ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ መብራት ይሄዳል።

እናንተስ ጋ «ባዶ ነው» ተብሎ የጠፋ ነገር አለ? ጻፉልኝ። ካልመለስኩላችሁ መብራቱ ሄዷል ማለት ነው።