ከንግግሩ ሥር የተገኘው ዘፈን

ሳንሱር ያስጠፋውን ዘፈን ከጠፋበት ካሴት ላይ መልሼ አውጥቻለሁ። አውቃለሁ፣ አታምኑኝም። ሚስቴም አላመነችም።

ሥራውን የጀመርኩ ቀን ከዴንቨር አጠገብ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ካለ ሱቅ ውስጥ፣ የተበላሸ ቴፕ በካቻቢቴ ፈትቼ ገጠምኩ። አራት ብሎን ተረፈኝ፤ ቴፑ ግን ዘፈነ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም እሱ ነበር ከኔ የሚማረው። አሁን የሐበሻ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ኮፒ በማድረግ ከዴንቨር አንደኛ ነኝ። ሁለተኛ የለም።

አንድ ቅዳሜ እትዬ አልማዝና ጋሽ ተክሌ እየተጨቃጨቁ ገቡ። በደርግ ጊዜ የአንድ ቀበሌ ኪነት አባላት ነበሩ፤ እትዬ ዘፋኝ፣ ጋሼ ከበሮ መቺ። የሳንሱር ሰዎች ከግጥማቸው ሁለት ስንኝ ቆርጠው፣ በምትኩ ሊቀመንበሩን የሚያወድስ ጨምረው፣ ማህተም መትተው መለሱላቸው። ዘፈኑ እነዚሁ የሳንሱር ሰዎች ፊት ተዘፍኖ ካሴት ላይ ተቀዳ። ወዲያው «ይሰረዝ» ተባለ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ድምፅ ቀጂው ዘፈኑ ላይ የስብሰባ ንግግር ቀዳበትና ካሴቱን በድብቅ ለእትዬ ሰጣቸው።

«አርባ ዓመት ሙሉ አድርባይ እያለ ስሜን አጠፋው!» አሉ እትዬ። «እኔ የተቆረጠውን ነው የዘፈንኩት። አውጣልኝና ይስማ፣ አንተ ልጅ!»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

«አጠገቧ ነበርኩ እኮ» አሉ ጋሼ። «ፈርታ ሊቀመንበሩን አወደሰች።»

«የፈራኸውስ አንተ! ያን ቀን ከበሮውን የመታው እጅህ መሰለህ? የሚንቀጠቀጥ ጉልበትህ ነው!»

ካሴት ላይ ድምፅ የሚቀመጠው በቀጭን መስመር ነው። የሰረዘው ሰው መስመሩን ፀጉር ያህል ከሳተ፣ አሮጌው ድምፅ ጠርዙ ላይ ይተርፋል። የቴፔን ሄድ፣ ድምፁን ከካሴቱ ላይ የሚያነበውን ብረት፣ በካቻቢቴ ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ አደረግኩት። ንግግሩ እየራቀ ሄደ። የሴት ድምፅ መጣ።

የተጣሉበት ስንኝ ጋ ስንደርስ ግን ቃል የለም። «እምምም» የሚል ነገር ብቻ። የኮረንቲ ጩኸት ነው ብዬ ከኮምፒውተሩ ዲሊት ላደርግ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ተው! ትንፋሽ ወስዳለች። ኮረንቲ ትንፋሽ አይወስድም።»

ደግመን ሰማን። እትዬ የተቆረጠውንም የተጨመረውንም አልዘፈኑም፤ አንጎራጉረው አልፈውታል። የሳንሱር ሰዎች ከወረቀታቸው ጋር የሚያመሳክሩት ቃል አጥተው ይሆናል ያስጠፉት።

«የዘፈንኩት ይመስለኝ ነበር» አሉ እትዬ፣ ቀስ ብለው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አድርባይ ያልኩሽን አንስቻለሁ።»

«ፈሪ ያልከኝንስ?»

«እሱ ይቆይ።»

ከዚያ ወዲህ በደንብ ሳላዳምጥ ምንም ድምፅ አላጸዳም። ሥራው ያስተማረኝ ይኸው ነው። ያላመነ ይጠይቅ፤ ሁለቱም እዚሁ ዴንቨር ናቸው፤ እትዬ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር፣ ጋሼ ሴንትራል ፓርክ ሰፈር። ለየብቻ ጠይቋቸው ግን፤ አብረው ካገኛችኋቸው ተራ አይደርሳችሁም።